ጨዋታና ፊደል በአንድ ሣጥን

ወደዚህ የቤተሰብ ዓምድ በተደጋጋሚ ከሚቀርቡት አቤቱታዎች አንዱ የልጆችና የጨዋታ ጉዳይ ነው። አባት በግዳጅ ላይ ነው፤ እናት ቤቱንም ልጆቹንም ብቻዋን ይዛለች፤ ልጁ ደግሞ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ስልኳን ነጥቆ ከአልጋው ጥግ ይወሸቃል። «ስልኩን ልስበረው ወይስ ልተወው?» ብለው የጠየቁን እናት አሉ። እኛም የፖለቲካ መኮንን እንደመሆናችን መጠን ስለ ዲሲፕሊን አንድ ገጽ ጽፈን ልንገላገል እንችል ነበር። ይሁንና በዲሲፕሊን ላይ የተጻፈ ገጽ የስምንት ዓመት ልጅን ከስልክ ሲያላቅቅ አላየንም። ስለዚህ ነገሩን ከምናውቀው ቦታ ልንጀምረው ወደድን፤ የምናውቀውም ቦታ ዶካ ነው።

ዶካ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ ከመተማ ማዶ ካለችው ከገላባት ተነሥቶ ወደ ገዳሪፍ ከተማ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ዙሪያዋ ዓይን እስኪታክት ድረስ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ነው። አፈሩ ጥቁር መረሬ ስለሆነ በክረምት እግር ይዞ አይለቅም፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። በሰሊጥ አጨዳ ወራት ከጎንደርና ከሌላውም አካባቢ የሚሻገረው የቀን ሠራተኛ ከተማዋን ያጥለቀልቃታል፤ በዚያን ጊዜ በገበያዋ ከዓረብኛ ይልቅ አማርኛ የሚሰማ ይመስላል። ወላጆቻችን ግን ለአጨዳ የሄዱ አልነበሩም። በ1977 ዓ.ም.፣ በዚያ የድርቅና የጦርነት ዘመን፣ ድንበር ተሻግረው እዚያው የቀሩ ናቸው። እኛም እዚያው ተወልደን እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ እዚያው አደግን።

አባታችን የትራክተር መካኒክ ነበር፤ ኋላ ግን ለተሻለ ደመወዝ ሲል ወደ ፖርት ሱዳን ሄደ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ቢመጣ ነው። እናታችን ከጭነት መኪና ማቆሚያው አጠገብ ሻይና ቡና ትሸጥ ነበር። አባት ሩቅ፣ እናት ብቻዋን፤ እንግዲህ የእኛ ቤት ከብዙዎቹ አንባቢዎቻችን ቤት የሚለይ አልነበረም።

ጎረቤታችን በጡረታ የሚኖሩ ሱዳናዊ መምህር ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ «ኡስታዝ» ይላቸዋል፤ እኛም በዚሁ እንጠራቸዋለን። ብዙ ዘመን በኩዌት አስተምረው፣ ኢራቅ ኩዌትን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1990 በወረረች ጊዜ ከተመለሱት ሱዳናውያን አንዱ ናቸው። ከዚያ ሁሉ ዓመት ሥራ በኋላ ይዘዋቸው የተመለሱት ዕቃዎች ጥቂት ነበሩ፤ ከእነዚህም መካከል ከመዝገብ ደብተር ጥቂት የሚሰፋ፣ በላዩ የጽሕፈት መኪና የመሰለ ቁልፍ የተደረደረበት አንድ ጠፍጣፋ ሣጥን ይገኝ ነበር። ስሙ «ሰኽር» ነው፤ በዓረብኛ አለት ማለት ነው። እኛ ባወቅነው ጊዜ፣ በ1997 ዓ.ም. ገደማ፣ ዕድሜው ከእኛ ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ ሣጥን ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ዛሬ ኮምፒዩተር ሌላ፣ የጨዋታ መሣሪያ ሌላ ሆነው ስለምናያቸው፣ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር የነበሩበት ዘመን ተረስቷል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ለቤተሰብ የሚሆን ኮምፒዩተር በዓለም ገበያ ላይ እንደ አሸን ፈላ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1982 ሲንክሌር ስፔክትረምን አወጡ፤ አሜሪካኖች በዚያው ዓመት ኮሞዶር 64ን አወጡ። ጃፓኖች በ1983 ከማይክሮሶፍት ጋር ሆነው ኤምኤስኤክስ የሚባለውን የጋራ ደረጃ አወጁ፤ ይኸውም የተለያዩ ፋብሪካዎች የሚሠሯቸው ኮምፒዩተሮች አንዱ የሌላውን ፕሮግራም መቀበል እንዲችሉ የተደረገ ስምምነት ነው። እነዚህ መሣሪያዎች የራሳቸው መስተዋት የላቸውም፤ በቤት ውስጥ ካለው ቴሌቪዥን ጋር ይያያዛሉ። ቁልፉን ስትነካ ትእዛዝ የሚቀበል ኮምፒዩተር ነው፤ በራሱ ላይ ባለው ቀዳዳ ካርትሪጅ ስትሰካበትና ጆይስቲክ ስታያይዝ ደግሞ የለየለት የጨዋታ መሣሪያ ይሆናል። የማስታወስ ችሎታቸውም የዛሬ ልጅ ቢሰማው የሚስቅበት ነው፤ በዚያን ጊዜ የኤምኤስኤክስ ኮምፒዩተሮች በአብዛኛው ከ8 እስከ 64 ኪሎባይት ቢይዙ ነው። ዛሬ በስልካችን የምናነሣት አንዲት ፎቶግራፍ ከዚያ ሣጥን ውስጥ አትገባም።

ሰኽርን ያወጣው በኩዌት የተቋቋመው አልአለሚያ የተባለ ኩባንያ ነው። መሥራቹ መሐመድ አልሻሪኽ ይባላሉ፤ ኩባንያውን በ1982 መሥርተው በ2024 ያረፉ ሰው ናቸው። እርሳቸው ያደረጉት ነገር ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ያማሃን ከመሰሉ የጃፓን ኩባንያዎች ኤምኤስኤክስ ኮምፒዩተር አሠሩ፤ ነገር ግን እንዳለ አልሸጡትም። የዓረብኛ ፊደል በቁልፎቹ ላይ እንዲቀረጽ፣ በሆዱም ውስጥ እንዲቀመጥ አደረጉ። ልጁ ሣጥኑን ሲከፍት ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄደውን የገዛ ቋንቋውን በቴሌቪዥኑ ላይ ያያል። ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ እንኳ ትእዛዞቹን በዓረብኛ አዘጋጁት። ኩዌት በተወረረች ጊዜ ኩባንያው ወደ ካይሮ ተዛወረ እንጂ ሥራውን አልተወም።

ሻጮቹ ታዲያ አንድ ነገር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ገንዘቡን የሚያወጣው አባት ነው፤ አባትን የሚነዘንዘው ግን ልጅ ነው። ስለሆነም ለአባት ትምህርቱን፣ ለልጅ ጨዋታውን በአንድ ሣጥን አሽገው አቀረቡ። ከሰኽር ዘሮች መካከል ኤኤክስ-330 የተባለው ኮምፒዩተርነቱን ሳይለቅ የኔንቲዶን ካርትሪጅ የሚቀበል ነበር፤ ኤኤክስ-990 የተባለው ደግሞ የሴጋ ሜጋ ድራይቭን ጨዋታ ይጫወታል። አባት «ለትምህርት ነው» ብሎ ይገዛል፤ ልጅም «አዎን፣ ለትምህርት ነው» ይላል። የትኛው የሣጥኑ በር ይበልጥ እንደተከፈተ መገመት አያዳግትም። ይህን የምንለው ሻጮቹን ለመክሰስ አይደለም፤ ዛሬም ስልክ ሲገዛ በየቤቱ የሚነገረው ቃል ያው ስለሆነ ነው።

በዶካ የነበረው የኡስታዝ ሰኽር ኤኤክስ-170 የሚባለው፣ ከቀደሙት አንዱ ነው። በሰፈራችን አንድ ነጋዴ ጄኔሬተር ነበረው፤ ከፀሐይ መጥለቂያ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ድረስ ለከፈለው ሁሉ መብራት ይሰጣል። ስለዚህ የእኛ የኮምፒዩተር ዘመን በቀን ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነበር፤ ነጋዴው ናፍጣ ካልጨረሰ ማለት ነው። የዶካ ልጆች ማንኛውንም የጨዋታ መሣሪያ «አታሪ» ይሉት ነበርና ከምሽት በኋላ የኡስታዝ ግቢ «ዛሬ አታሪ አለ ወይ?» በሚሉ ልጆች ይሞላል። ኡስታዝም ሕግ ነበራቸው። ጨዋታ የሚፈቀደው በሣምንት ሁለት ምሽት ነው፤ በቀሩት ምሽቶች ሣጥኑን መንካት የሚችለው አንድ ነገር ሊጽፍበት የመጣ ብቻ ነው።

ጨዋታዎቹ ጥቂት ነበሩ። ከሁሉም የምንወደው ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው የአንታርክቲካ ጉዞ ነው። አንዲት ፔንግዊን በበረዶ ሜዳ ላይ ትሮጣለች፤ የተሰነጠቀ በረዶ ትዘላለች፤ ከበረዶው ቀዳዳ ብቅ ከሚሉ የባሕር አውሬዎች ትሸሻለች፤ ዓሣ ትይዛለች። ከምርምር ጣቢያው በተወሰነው ጊዜ ከደረሰች የአንድ አገር ባንዲራ ይሰቀልላታል። እንግዲህ አስቡት፤ ሚያዝያ ነው፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ አሥራ አምስት ልጅ ባዶ እግሩን በአንድ ምንጣፍ ላይ ተኮልኩሎ ስለ በረዶ መሰንጠቅ ይጨነቃል። አብዛኞቻችን በረዶ አይተን አናውቅም። የፈረንሳይን፣ የጃፓንን፣ የአርጀንቲናን ባንዲራ ግን ያወቅነው ከዚያች ፔንግዊን ነው። ጨዋታ ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ሰው ሲገጥመን ይህን እናስታውሰዋለን።

ወታደር አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ማወቅ ይወዱ ይሆናል። ዛሬ በዓለም የታወቀው ሜታል ጊር የሚባለው የጦር ጨዋታ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ለዚሁ ለኤምኤስኤክስ ቤተሰብ፣ ለሁለተኛው ትውልድ ነው። ሠሪው ሂዲዮ ኮጂማ የጦርነት ጨዋታ እንዲሠራ ቢታዘዝ፣ መሣሪያው ብዙ ተዋጊዎችንና ብዙ ጥይት በአንድ ጊዜ በመስተዋቱ ላይ ለማሳየት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ነገሩን ገለበጠው፤ ብቻውን ወደ ጠላት ምሽግ የሚገባ፣ ከመተኮስ ይልቅ ከዘብ ዓይን መሰወርን የሚመርጥ ወታደር ፈጠረ። የመሣሪያው ድክመት የጨዋታው ብልኃት ሆነ። የኡስታዝ ሰኽር የመጀመሪያው ትውልድ ስለነበረ ይህን ጨዋታ መጫወት አይችልም፤ እኛ ታሪኩን የሰማነው በጦር አካዳሚ ሳለን ነው። በዚያ ስለ ሥውር እንቅስቃሴ ትምህርት ሲሰጠን ይህን ያነሣ አንድ ዕጩ መኮንን ክፍሉን ሁሉ አስቆታል፤ አስተማሪውም ስቀዋል።

ወደ ዶካ እንመለስ። እናታችን ልጆቿ ከኡስታዝ ቤት መዋላቸውን አልጠላችም፤ ከመንገድ ይሻላል ባይ ነበረች። አንድ ነገር ግን ያሳስባት ነበር። በትምህርት ቤት የምንማረው በዓረብኛ ነው፤ በመንገድ የምንጫወተው በዓረብኛ ነው፤ አሁን ደግሞ ማታ ማታ የሚያጫውተን ሣጥን የሚያሳየን ዓረብኛ ነው። ታላቅ እኅታችን አማርኛን አቀላጥፋ ትናገራለች እንጂ አታነብም፤ እኛ ደግሞ ጥቂት ፊደል እንኳ አልለየንም። እናታችን ራሷ የተማረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ያኔ ልጅ ነበረች። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ቆጥራ፣ ጥቂት ገጽ አንብባ ሳትዘልቅ ስደት መጣ። በዶካ ቤታችን ግድግዳ ላይ በከሰል ፊደል ትጽፍልን ነበር፤ እኛ ግን ዓይናችን ከኡስታዝ ቴሌቪዥን ላይ ነው። የከሰል ፊደል ከሚንቀሳቀስ ፔንግዊን ጋር እንዴት ይወዳደራል?

አንድ ማታ ልትጠራን መጥታ ከደጃፉ ቆመች። በመስተዋቱ ላይ እኅታችን የጻፈችው የዓረብኛ ጽሑፍ ተደርድሯል። ጥቂት አየችና «ኡስታዝ፣ ይህ ሣጥን የእኛን ፊደል አያውቅም?» አለቻቸው።

«ኡኽቲ፣ አያውቅም» አሉ፤ እኅቴ ማለታቸው ነው። ጥቂት አሰቡና «ያስተማረው የለም» ብለው ጨመሩ።

እዚህ ላይ አንባቢ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ቢያውቅ ይበጃል፤ ያለ ብዙ ድካም የሚገባ ነው። በእነዚያ ኮምፒዩተሮች ላይ እያንዳንዱ ፊደል የሚሣለው በስምንት ረድፍና በስምንት ዓምድ በተከፈለ፣ 64 ክፍሎች ባሉት ትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ ነው። ክፍሉ ይበራል ወይም ይጠፋል፤ ሌላ የለም። የረድፉ ስምንት ክፍሎች ከግራ ወደ ቀኝ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2 እና 1 የሚል ዋጋ አላቸው። የበሩትን ደምሮ አንድ ቁጥር ማግኘት ነው። ስምንት ረድፍ ስምንት ቁጥር ይሰጣል፤ ስምንቱ ቁጥር አንድ ፊደል ነው። ቪፖክ በሚባለው የቤዚክ ትእዛዝ እነዚህን ቁጥሮች በኮምፒዩተሩ የሥዕል ማኅደር ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ለምሳሌ «ኤ» የተባለው የላቲን ፊደል መለያ ቁጥሩ 65 ነው፤ መልኩም 65 ሲባዛ በ8፣ ማለት ከ520ኛው አድራሻ ጀምሮ ተቀምጧል። እዚያ የራስን ስምንት ቁጥር ካስገቡ «ኤ»ን በነኩ ቁጥር የራስዎ ፊደል ይወጣል።

በማግሥቱ ኡስታዝ ከሒሳብ ደብተር ላይ ባለ ካሬ ወረቀት ቀደው ለእናታችን ሰጧት፤ «ሀን ሣይልኝ» አሏት። እርሷም በሻይ ብርጭቆዎቿ መካከል ቁጭ ብላ፣ እርሳሱን እንደ መርፌ ይዛ፣ ካሬዎቹን አጠቆረች። ሁለት ቋሚ፣ ከታች የተገናኙ። ቁጥሮቹን ያወጣነው እኛ ነን፤ አምስት ጊዜ 132፣ ከዚያ 72፣ ከዚያ 48፣ በመጨረሻም ዜሮ። ማታ ጄኔሬተሩ ሲነሣ አስገባናቸው፤ በቴሌቪዥኑም መስተዋት ላይ ሀ ወጣች። ከመካከለኛዎቹ 132ዎች አንዱን ወደ 134 ብንለውጠው በጎኗ ትንሽ እጅ አወጣችና ሁ ሆነች። በዶካ፣ በዓረብኛ ኮምፒዩተር ላይ፣ በአንዲት ሻይ ሻጭ ሥዕል። እናታችን «አሁን ሂን አምጡ» አለች።

ከዚያ በኋላ በየማታው የምንሄደው ለፔንግዊኗ አልነበረም። ሥራው ግን እንደ ሀ ቀላል ሆኖ አልቀጠለም። የእኛ ፊደል 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ነው፤ እነ ቋንና ኳን ሳንቆጥር። ኮምፒዩተሩ ያለው ቦታ ለሁሉም ምልክት ተደምሮ 256 ነው፤ ከዚያ ውስጥ ትእዛዝ የሚጻፍበት የላቲን ፊደልና አኃዝ መቅረት አለበት። ደግሞም ስምንት ካሬ ለላቲን ሰፊ ቢሆን ለፊደላችን ጠባብ ነው። ጠ ሦስት እግር አላት፤ ሦስት እግርና በመካከላቸው ሁለት ባዶ ዓምድ አምስት ይሆናል፤ ጡ ለማድረግ እጅ ሲጨመርባት ሰባት ይደርሳል፤ ስምንተኛው ከሚቀጥለው ፊደል ጋር እንዳትጣበቅ ባዶ መቅረት አለበት። የኃምስ ቀለበት መካከሉ ባዶ እንዲሆን ቢያንስ ሦስት በሦስት ካሬ ይጠይቃል። ኡስታዝ ፊደሉን አያውቁም፤ የሚያውቁት ካሬውን ነው። እናታችን ኮምፒዩተሩን አታውቅም፤ የምታውቀው ፊደሉን ነው። «ይህ እግር ቢቀር ይነበባል?» ይላሉ፤ «አይነበብም፣ ሌላ ፊደል ይሆናል» ትላለች፤ እንደገና ይፋቃል። እኛና እኅታችን በሁለቱ መካከል አስተርጓሚም ጸሐፊም ነበርን። ፊደል ያወቅነው እንዲህ አድርገን ነው። ስለ አንዲት እግር አንድ ምሽት የተከራከረ ልጅ ያችን ፊደል አይረሳም።

በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች፣ ፍሥሐ አጥላውን የመሳሰሉ፣ ከዚያ አስቀድሞ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይህንኑ ችግር በላቀ ደረጃ ሲታገሉት እንደነበርና ፊደላችንም እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የጽሕፈት ደረጃ ውስጥ መግባቱን ያኔ አናውቅም። ዛሬ በየስልካችን አማርኛ የምንጽፈው በዚያ ሥራ ነው። ዶካ ግን ከዚህ ሁሉ ርቃ ትገኝ ነበር።

አሁን ወደ ካሴቱ እንመጣለን፤ በተለይ ባሎቻቸው በግዳጅ ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ይህን ልብ ይሉታል ብለን እናምናለን። ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ያስገባንለትን ሁሉ ይረሳል። ጄኔሬተሩ በአራት ሰዓት ይቆማል፤ በማግሥቱ ከሀ መጀመር ነው። መድኃኒቱ ሥራውን በተራ የሙዚቃ ካሴት ላይ መቅዳት ነበር፤ ሣጥኑ ቁጥሮቹን ወደ ጩኸት ለውጦ ለቴፑ ይሰጣል፤ ሲፈለግም ጩኸቱን ሰምቶ ወደ ቁጥር ይመልሳል። የኡስታዝ ካሴቶች አርጅተው ተበላሽተዋል። በእኛ ቤት የነበረው ደኅና ካሴት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም አባታችን ከፖርት ሱዳን በሾፌር እጅ የላከልን፣ ድምፁን የቀዳበት ደብዳቤ ነው።

እናታችን ካሴቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር የምታኖረው። ኡስታዝ ሌላ እስኪገኝ እንጠብቅ አሏት። እርሷ ግን ሁለት ቀን አሰበችበት። በሦስተኛው ቀን ካሴቱን ይዛ መጣች። የአባታችን ድምፅ ያለው በአንደኛው ገጽ ነው፤ ሁለተኛው ባዶ ነው። በካሴቱ ጀርባ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ በቢላዋ ጫፍ ሰበረቻት፤ ያች ጥርስ ከተሰበረች ቴፕ በዚያ ገጽ ላይ መቅዳት አይችልም። ከዚያ ገለበጠችውና «እዚህ ላይ ፊደሉን አድርጉ» አለች። የመቅጃውን ቁልፍ የተጫነችው ራሷ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ካሴት በአንድ ፊቱ «ልጆቼ እንዴት ናችሁ» የሚል አባት፣ በሌላ ፊቱ በሲርሲርታ የተሞላ የጩኸት ፊደል ይዞ ኖረ።

በ2000 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ተመለስን። በዚያን ጊዜ ሠርተን የጨረስናቸው ፊደላት 41 ነበሩ። ኡስታዝ ሰኽሩን ያዙ፤ እኛ ካሴቱን ያዝን። እርሳቸው ከሱዳን ጦርነት በፊት አርፈዋል። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ከዚያ ሰፈር ሰዎች ማን የት እንደሄደ በየጊዜው እንጠይቃለን፤ አንዳንዱ ከድንበሩ ወዲህ ተገኝቷል። ሣጥኑን የጠየቅነው የለም፤ የሚጠየቅበት ጊዜ አይደለም።

ካሴቱ ግን አለ። በመገናኛ ክፍል የሚያገለግል አንድ ሃምሳ አለቃ ባልደረባችን ይህን ታሪክ ሰምቶ ነገሩን እንደ ግዳጅ ያዘው። ዛሬ የጥንቱን ኮምፒዩተር በአዲሱ ውስጥ አስመስሎ የሚያሠራ፣ ኦፕን ኤምኤስኤክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ያንኑ የሰኽርን ሞዴል ሳይቀር ያስነሣል። ባለፈው የዓመት ፈቃዳችን ላይ አንድ አሮጌ ቴፕ ተገኘ፤ ራሱ በአልኮል ተጠረገ፤ ሁለተኛው ገጽ ወደ ላፕቶፕ ተቀዳ። መጀመሪያ ስሕተት አለ፤ ሁለተኛም ስሕተት አለ። ሃምሳ አለቃው የቴፑን ራስ ዘንበል የምታስተካክለውን ጥቃቅን ብሎን በዊንዲቨር አንድ ስንዝር ጥፍር ያህል አዞረና እንደገና ቀዳ። በሦስተኛው ገባ።

ላፕቶፑን ለእናታችን ይዘን ሄድን። የፕሮግራሙን ዝርዝር ስናወጣ ከመጀመሪያው መሥመር ላይ፣ ኮምፒዩተሩ የማይፈጽመው፣ ለሰው ማስታወሻ ብቻ የሚጻፍ አንድ ቃል አገኘን። ኡስታዝ በዓረብኛ የጻፉት ነው። እናታችን ዓረብኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም፤ ስለዚህ አነበብንላት፤ «የፊደሉ መምህርት፦ ጎረቤታችን» ይላል። ዝም አለች። ከዚያ ፕሮግራሙን አስነሣነውና 41ዱ ፊደላት በመስተዋቱ ላይ ተሰለፉ። በጣቷ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እንደ መሠረተ ትምህርት ተማሪ፣ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።

«የቀሩትስ?» አለች።

የቀሩት 190 ናቸው። የስልኩን ጥያቄ ለጠየቁን እናት የምንሰጠው መልስ በዚሁ ይጀምር። ስምንት በስምንት ካሬ የተሠመረበት ወረቀት ከዚህ ሣምንት ጀምሮ በመዝናኛ ክበቡ ይታደላል፤ የሀን እና የሁን ቁጥሮች ከላይ ሰጥተናል፤ በእነርሱ ይሞከር። ልጆች ይሣሉ፤ እናቶች ትክክል መሆኑን ይፈትሹ፤ በፈቃድ ላይ ያሉ አባቶች ቁጥሩን ይደምሩ። ሃምሳ አለቃው ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በክበቡ ተገኝቶ የመጡትን ወደ ላፕቶፑ ያስገባል፤ ፔንግዊኗም አለች፤ ፊደል ይዞ ለመጣ ልጅ አንድ ዙር ይፈቀድለታል። ጠ እና ጨ ያስቸግራሉ፤ ለትልልቆቹ ልጆች ይተዉ።